የሒሳብ ሰዓት ሲደርስ ራሷን የሚያማት ልጅ

ጥያቄ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። የምኖረው ጅማ ከተማ ውስጥ ነው። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን እኔ ከቤታችን ጋር በተያያዘች ትንሽ ሱቅ እሠራለሁ። የመጀመሪያው ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ለ9ኛ ክፍል እየተዘጋጀ ነው። ሴቷ 10 ዓመቷ ነው፤ ወደ 5ኛ ተዛውራለች። የመጨረሻው ገና 6 ዓመቱ ነው።

ካናዳ የምትኖር እህቴ ባለፈው የገና ሰሞን ቤተሰብ አብሮ ተቀምጦ የሚሠራቸው የሒሳብ እንቆቅልሾች ያሉበት ጥራዝ ላከችልን። የበረዶ ሰው አዝራር የሚያስቆጥሩ፣ ከዜሮ በታች የወረደ ሙቀት የሚያስቀንሱ፣ የበረዶ ቅንጣት ቅርጽ የሚያስሉ ናቸው። ክረምት ሲገባ፣ ትምህርት ሲዘጋና ዝናቡ ልጆቹን ቤት ሲያውላቸው ይጠቅመናል ብዬ አስቀመጥኩት። ሐሳቤ ማታ ማታ ቡና እያፈላን አብረን እንድንጫወት ነበር። ነገር ግን ባለቤቴ ጥራዙን እንደ ፈተና ያዘው። ጥያቄውን ያነባል፣ ሰዓት ይይዛል፣ ያርማል። ታላቁ ልጅ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይናገራል፤ ልጅቷ ስትዘገይ ደግሞ አባቷ «ወንድምሽ በአንቺ ዕድሜ ይህን በደቂቃ ይሠራው ነበር» ይላታል። አንድ ምሽት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ጥራዙ በወጣ ቁጥር ራሴን አመመኝ ብላ ትተኛለች። ሱቅ ውስጥ ስታግዘኝ ግን የሩብ ኪሎ ስኳርና የሁለት ሳሙና ዋጋ በቃሏ ደምራ መልስ የምትሰጥ ልጅ ናት።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለልጆቹ ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ከ6ኛ ክፍል ያቋረጥኩ በመሆኔ በትምህርት ነገር መሀል መግባት እፈራለሁ። ነገሩን ብተወው ይሻላል? ለባለቤቴስ በምን ቃል ልንገረው? ልጄ በእውነት ሒሳብ የማይገባት ልጅ ናት?

እናት፣ ከጅማ

መልስ

ውድ እህታችን፣ በቅድሚያ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ልመልስልዎ፤ መልሱን እርስዎ ራስዎ በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ጽፈውታልና። የሩብ ኪሎ ዋጋ ለማውጣት የኪሎውን ዋጋ ለአራት ማካፈል ያስፈልጋል፤ የሁለቱን ሳሙና ዋጋ ማባዛት፣ ሁለቱን ሒሳቦች መደመርና ደንበኛው ከሰጠው ብር ላይ መቀነስም ይከተላል። ይህን ሁሉ ወረቀትና እርሳስ ሳትይዝ፣ ደንበኛ ፊቷ ቆሞ እየጠበቃት የምትሠራ የ10 ዓመት ልጅ ሒሳብ የማይገባት ልጅ ልትባል አትችልም። ስለዚህ ልናስብበት የሚገባው ሱቁ ውስጥ ያለው ሒሳብ ቡናው አጠገብ ሲደርስ ለምን ራስ እንደሚያሳምም ነው።

እስቲ ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን ያስተያዩአቸው። ሱቅ ውስጥ ብትሳሳት ምን ይደረጋል? ምናልባት እርስዎ «እስቲ ደግመሽ ቁጠሪው» ይሏታል፣ ትቆጥራለች፣ ነገሩ ያልቃል። ማታ ስትሳሳት ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ያያታል፣ ስሟም ከወንድሟ ስም ጋር ይነሣል። ሱቅ ውስጥ ሒሳቡን ከእሷ ቀድሞ የሚናገርባት ሰው አለ? ሕመሙ የሚጀምራት ጥራዙ ሲወጣ ነው ወይስ አባቷ ሰዓቱን ሲያይ ነው? ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ለምሳሌ ሽንኩርት እየላጣችሁ፣ ስለዚያ ምሽት ያነሣችው ነገር ይኖር ይሆን? እነዚህን የምጠይቅዎ እሷን እንዲመረምሯት አይደለም፤ ጸጥ ብለው ቢያስተውሉ መልሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታይዎታል ብዬ ስለማምን ነው። እኔ ከሩቅ ሆኜ ደብዳቤዎን ሳነብ ልጅቷ የምትሸሸው ሒሳቡን ሳይሆን መወዳደሩን ይመስለኛል።

ወደ ባለቤትዎ እንምጣ። ከሥራ ደክሞት ገብቶ ከልጆቹ ጋር ወረቀት ይዞ የሚቀመጥ አባት በየቤቱ የሚገኝ ስላልሆነ፣ ይህን ትጋቱን ሳያጡ አያያዙን ብቻ እንዲለውጥ ማድረግ ይኖርብዎታል። ልጆቹ ፊት አይናገሩት፤ በዚያው በንዴት ምሽትም አይሁን። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ በራስዎ አነጋገር፣ እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ «አንተ ከእነሱ ጋር ስትቀመጥ ደስ ይለኛል። ልጅቷ ግን ከዚያች ማታ ወዲህ አብራህ መቀመጥ ፈርታለች። እስቲ ለሁለት ሳምንት እኔ ልምራው፤ አንተ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ተጠያቂ ሁንልኝ።» ወቀሳ የለበትም፣ ተወው የሚል ትእዛዝም የለበትም፤ ጊዜውም ስለተወሰነ እሺ ለማለት አይከብደውም። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ይለምኑት። ሰዓት መያዙ ቢቀጥል እንኳ «ወንድምሽ በአንቺ ዕድሜ» የሚለው አነጋገር ከቤታችሁ ይውጣ። ይህ አባባል ልጅቷን ከማሳፈሩም ሌላ ልጁን የእህቱ መለኪያ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ይዋል ይደር እንጂ በሁለቱ መካከል የሚፈጥረው ቅሬታ አይቀርም።

ልተወው ወይ ላሉት፣ ጨዋታውን አይተዉት፤ የፈተናውን መልክ ግን ይተዉት። ለዚህም ከሩቅ አገር ዘዴ መፈለግ አያስፈልገንም፤ እንቆቅልሽ የሚጠየቅበት የራሳችን ወግ አለን። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለውና አገር ተቀብሎ መልሱን ይነግረዋል። በአፋን ኦሮሞ ሂቦ የሚባለውንም ልጆችዎ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱት ሰምተው ይሆናል። በዚህ ወግ አለማወቅ የጨዋታው አንድ ክፍል እንጂ ነውር አይደለም፤ የአጋሮን ወይም የበደሌን ከተማ ሰጥቶ መልሱን መስማት ነው። የሒሳቡ ጥያቄም በዚሁ ሥርዓት ይጠየቅ፤ ጠያቂዋም በመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ልጅቷ ትሁን። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ አንድ ጥያቄ አብራችሁ አዘጋጁና መልሱን አስቀድማ ትወቅ። ማታ አባቷ ተጨንቆ አስቦ ሲያቅተው አገር ይስጣት። አባት ለልጁ «አላወቅሁትም፣ ሰቃን ወስደሽ ንገሪኝ» ሲል መስማት ከብዙ የማበረታቻ ቃል የበለጠ እንደሚሠራ አልጠራጠርም።

ለመጀመሪያው ምሽት የሚሆን አንድ ጥያቄ ልስጥዎ። ቤተሰባችሁ አምስት ነው። ዝናብ እየዘነበ አምስታችሁ ከባጃጅ ልትወርዱ ነው እንበል፤ ያላችሁ አንድ ጃንጥላ ነው፣ ከሥሩም ከሁለት ሰው በላይ አይችልም፤ ማንም እንዳይበሰብስ ተፈልጓል። ሁላችሁም ቤት እስክትገቡ ድረስ ጃንጥላው መንገዱን ስንት ጊዜ ይጓዛል? ብዙ ሰው ቸኩሎ ሦስት ይላል፤ ሁለት፣ ሁለትና አንድ ብሎ ስለሚያስብ። ነገር ግን ጃንጥላው በራሱ ስለማይመለስ አንድ ሰው ይዞት መመለስ አለበት። በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ሄደው አንድ ስለሚመለስ ቤት የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሦስት ዙር ሲያልቅ ሦስት ሰው ገብቷል፣ ከዚያ የቀሩት ሁለቱ አብረው ይገባሉ። ሲቆጠር አራት ሂያጅና ሦስት ተመላሽ፣ በድምሩ 7 ይሆናል። ይህን በወረቀት አትሥሩት። እውነተኛ ጃንጥላ ውሰዱና ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተሻገራችሁ አድርጉት፤ የ6 ዓመቱ ልጅ ጃንጥላ ያዥ ቢሆን ማንም ከእሱ የበለጠ አይደሰትም፤ እርስዎም ስድስተኛ ክፍልን ማስታወስ አያስፈልግዎትም።

እዚህ ላይ ታላቁን ልጅ እንዳንረሳው። መልስ ቀድሞ መናገሩ ከክፋት ሳይሆን እስካሁን የተመሰገነበት ነገር እሱ ስለሆነ ነው፤ ዝም በል ብቻ ቢባል ይከፋዋል። ስለዚህ ሌላ ሥራ ይሰጠው። መልሱን ያወቀ ሰው መልሱን እንዳይናገር፣ ነገር ግን ሌላውን የሚረዳ አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ደንብ አድርጉ፤ ለምሳሌ «ጃንጥላውን ማን ይመልሰው?» ማለት ይችላል። ከዚያም ለእሱ የተለየ ጥያቄ ይቀጥል፦ ስድስት ሰው ቢሆንስ? አሥር ቢሆንስ? ለስድስት ሰው 9፣ ለአሥር ሰው 17 እንደሆነ ሲያገኝ፣ የሰውን ቁጥር በሁለት አባዝቶ ሦስት መቀነስ ለምን እንደሚሠራ ያስረዳ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሊፈተንበት የሚገባው ፍጥነቱ ሳይሆን ይህ «ለምን» ነው፤ አንዳንዴም እሱ ራሱ አገር ለመስጠት ይገደዳል፤ ያ ደግሞ ለእህቱ መልካም ትዕይንት ነው።

የጅማ ሰው በመሆናችሁ ሌላ ዕድል አላችሁ። ከእንጨት የተሠራው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ቤታችሁ ባይኖር ጎረቤት አይጠፋም። አሥር መቀመጫዎች አሉ፤ ከፊሉ ባለ ሦስት እግር በርጩማ፣ ከፊሉ ባለ አራት እግር ወንበር ነው፤ እግሮቹ በጠቅላላ 34 ናቸው፤ ከየዓይነቱ ስንት አለ? ልጅቷ ባቄላ ይዛ ትሥራው። ሁሉም በርጩማ ናቸው ብላ ለአሥሩም ሦስት ሦስት ባቄላ ብትሰጥ 30 ይሆናል፤ አራት ባቄላ ይተርፋታል፤ የተረፉትን ለአራቱ መቀመጫዎች አንድ አንድ ስትጨምር አራት ወንበርና ስድስት በርጩማ ታገኛለች። ወንድሟ በትምህርት ቤት ይህንኑ በፊደል ይሠራው ይሆናል፤ የባቄላው መንገድ ግን ከፊደሉ የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም ምክንያቱ ይበልጥ ይታይበታል። ቀጥሎ ደግሞ በርጩማውንና ወንበሩን አባጣ ጎርባጣ በሆነ መሬት ላይ አስቀምጡና የትኛው እንደሚንቀጠቀጥ ተመልከቱ። ባለ ሦስት እግሩ መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንቀጠቀጥም፤ በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋሉና፤ አራተኛው ነጥብ ግን በዚያው ገጽ ላይ ለመሆኑ ምንም ዋስትና የለውም። ለባለቤትዎ ያቆዩለት፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎች የሚያስቡበት ጥያቄ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን የዝናቡን ሒሳብ ነው፤ ለሳምንት የሚበቃ ሥራ አለው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ ልክ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ከአፉ እስከ ታቹ ስፋቱ የማይለወጥ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ ግቢ ውስጥ አስቀምጡ፤ ጠዋት የተጠራቀመውን ውኃ ከፍታ ልጅቷ በማስመሪያ ትለካ። የቤታችሁ ጣሪያ የሚሸፍነው መሬት ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 5 ሜትር ቢሆን 40 ካሬ ሜትር ነው። ሌሊቱን 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ በጣሪያው ላይ 400 ሊትር ወርዷል ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ይሞላል። አሸንዳ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ከሆነስ? ጣሪያው ይበልጥ ሾጣጣ ቢሆን ብዙ ውኃ ይይዛል ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ አብዛኛው ሰው አዎ ይላል፤ ነገር ግን ዝናቡ ቀጥ ብሎ እስከወረደ ድረስ ቆርቆሮው ቢረዝምም የሚሸፍነው መሬት ያው ስለሆነ ውኃው አይጨምርም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ይህ ሁሉ በዚያ ጣሪያ ላይ ሲሰላ 60,000 ሊትር፣ ማለትም 3,000 ጀሪካን ይሆናል፤ የሚረጨውና የሚባክነው ሳይቀነስ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ቁጥር በራሳቸው ሲደርሱበት፣ ውኃ በሚጠፋበት ሳምንት ቤተሰቡ ስለ አሸንዳ መነጋገር ቢጀምር አይግረምዎት።

መብራት በሚጠፋበት ምሽት ወረቀት የማይፈልግ ይምረጡ። መብረቁ ከበረቀበት ቅጽበት አንሥቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ቤት ውስጥ ሆናችሁ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘጠኝ ከቆጠራችሁ መብረቁ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ባለቤትዎ ቀን መቁጠር የሚወዱ ከሆነ ደግሞ ሐምሌ 1 ማክሰኞ ከዋለ እንቁጣጣሽ በምን ቀን እንደሚውል ይጠየቁ። በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን በመሆኑ የወሩ መጀመሪያ በየወሩ ሁለት ቀን ወደፊት ይሄዳል፤ ነሐሴ 1 ሐሙስ፣ ጳጉሜን 1 ቅዳሜ ይሆናል፤ ጳጉሜን አምስት ቀን ከሆነች መስከረም 1 ሐሙስ፣ ስድስት ከሆነች ደግሞ ዓርብ ይውላል።

የእህትዎ ጥራዝ ምን ይሁን ካሉኝ፣ አይጣል፤ ጥቂቱን ብቻ አሁን ተጠቀሙበት። የበረዶ ቅንጣት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ስድስት አቅጣጫ የሚያድግበትን ምክንያት የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር በ1611 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጠይቆ ነበር፤ ምክንያቱ ውኃ በረዶ ሲሆን ቅንጣጢቶቹ ባለ ስድስት ጎን ሆነው መያያዛቸው መሆኑ የታወቀው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ልጆቹ በረዶ ባያዩም ወረቀት ማጠፍ ይችላሉ። ወረቀቱን ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት አጥፈው መሀሉን አንድ ጊዜ ቢበሱት ሲዘረጋ ስንት ቀዳዳ ይኖረዋል? ስድስት ነው፤ ከመዘርጋታችሁ በፊት ግን ሁሉም ግምቱን ይናገር። ከዜሮ በታች የሚያስቀንሱትን ጥያቄዎች ለታኅሣሥና ለጥር አቆዩአቸው። ያን ጊዜ ልጅቷ አክስቷን በስልክ ደውላ «ዛሬ እዚያ ስንት ዲግሪ ነው?» ብላ ትጠይቅ፤ ከጅማ ሙቀት ጋር ያለውን ልዩነት ስታሰላ ከዜሮ በታች ያለው ቁጥር ትርጉም ያገኝላታል። አክስቷ ያለችው ለምሳሌ ቶሮንቶ ከሆነ፣ በሐምሌ ብትደውል ከተማው ቀን ቀን ከጅማ እንደሚሞቅ ትሰማለች፤ ይህም ራሱን የቻለ እንቆቅልሽ ነው።

ስለ ራስዎ የጻፉትን ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም። በየቀኑ ዕቃ አስገብተው፣ ትርፍ አስልተው፣ ዱቤ መዝግበው የሚያድሩ ሴት በሒሳብ ነገር መሀል ለመግባት ፈቃድ የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም። ያልገባዎትን ጥያቄ ልጆቹ ፊት «ይህ አልገባኝም፣ አስረዱኝ» ቢሉ ክብርዎ አይቀንስም፤ ለልጅቷም አለመግባት የሚነገር ነገር መሆኑን ያሳያታል። ማታ ከአንድ ጥያቄ አያልፉ። ሁሉም ገና ሌላ ሲፈልግ ያቁሙት። ልጅቷ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አልቀመጥም ብትል አያስገድዷት፤ ቡናውን ታቅርብ፣ ከዳር ሆና ትስማ፤ ጃንጥላው መመላለስ ሲጀምር ሳትጠራ ብትመጣም «ዛሬስ መጣሽ» ብሎ የሚያነሣባት ሰው አይኑር።

በመጨረሻ፣ የራስ ሕመሙን ሰበብ ነው ብለን እንዳንደመድም አደራ። የልጅ ጭንቀት እውነተኛ ሕመም ሊያመጣ ይችላል፤ ነገር ግን በማታ፣ በደብዛዛ መብራት ጥቃቅን ጽሑፍ ማንበብ የሚያስቸግራት የዓይን ችግር ቢኖርባትም ምልክቱ ይኸው ነው። ጥራዙ በማይወጣባቸው ቀናትም ያማታል ወይ? ስታነብ ወረቀቱን ታስጠጋለች፣ ዓይኗን አጥብባ ታያለች? ሕመሙ ጨዋታው ከተለወጠ በኋላም ከቀጠለ፣ ወይም ከእነዚህ ምልክቶች አንዱን ካዩ፣ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሯት፤ ትምህርት ሳይከፈት፣ በዚሁ በክረምቱ ቢሆን ይመረጣል።